ለኢምፕላንት አጥንት ሲያንስ፦ ይሞላ ወይስ ይታለፍ?

እናቴ በታችኛው መንጋጋዋ በቀኝ በኩል ሦስት ጥርስ ካስነቀለች አሥር ዓመት አልፏታል። ያኔ «ተገላገልኩ» ብላ ነበር ከክሊኒክ የተመለሰችው። ስለ አጥንት የነገራት ሰው የለም። እኛም አልጠየቅንም። ባለፈው ዓመት ግን ቆሎ ቀርቶ ድርቆሽ ማኘክ አቃታት። በአንድ ወገን ብቻ እየበላች ግራውም መታመም ጀመረ። ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን ላይ የሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ይተከልላት ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ፓኖራሚክ የሚባለውን፣ መላ መንጋጋውን በአንድ ሥዕል የሚያሳይ ራጅ አነሣና «ትንሽ አጥንት እንጨምራለን፣ ከዚያ እንተክላለን» አለን። ዋጋም ቆረጠልን። ሁለተኛው ሐኪም ያንኑ ራጅ አይቶ ዋጋ ሊናገር ፈቃደኛ አልሆነም። «እማማ፣ ይሄ ቁመቱን እንጂ ውፍረቱን አያሳየኝም» አላት። አዲስ አበባ እህቴ ጋ በሄደችበት ሲቢሲቲ የሚባለውን ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ ተነሣች። ቁመቱ ደህና ነው። ውፍረቱ ግን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ሊተከል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ጎንደር ፒያሳም አዘዞም ያሉ ዘመዶቻችን «እናንተ ምን መረጣችሁ? እኛስ?» ይሉናል። ሐኪም አይደለሁም። ለእናቴ ስል ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ። ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አጥንቱ የት ሄደ?

ጥርስን ያቀፈው የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲባል ነው። ስናኝክ ጫናው ወደ አጥንቱ ይደርሳል፣ አጥንቱም ራሱን እያደሰ ይቆያል። ጥርሱ ሲወጣ ሥራ ይፈታል። ሰውነትም ቀስ በቀስ መጦ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ዓመት የአጥንቱ ውፍረት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ቀድሞ የሚሟሽሸው በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው ግድግዳ ነው፤ ድሮውንም ስስ ነውና። በላይኛው መንጋጋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከኋላ ጥርሶች በላይ ያለው ሳይነስ የሚባለው የአየር ክፍተት ወደ ታች ይሰፋል። አጥንቱ ከላይም ከታችም ይበላል ማለት ነው።

ኢምፕላንት በአጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ታይታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ አስተውሎ የመጀመሪያውን ሰው ያከመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬም ሥራው የቆመው በዚሁ ውሕደት ላይ ነው። የሚዋሐደው አጥንት ከሌለ ብሎኑ አይጸናም። የተለመደው ኢምፕላንት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዙሪያውን ቢያንስ 1፣ ቢቻል 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ይፈልጋል። ስለዚህ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ከእሱ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ ግዴታ ነው።

ስለዚህ «አጥንት የለዎትም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የጎደለው ቁመት ነው ውፍረት? ስንት ሚሊ ሜትር? ከላይ ነው ከታች?

ከአማራጮቹ በፊት መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ይኸው የሚሊ ሜትር ቁጥር ነው። ያለ ሲቢሲቲ የተሰጠ የአጥንት ማሳደግ ዋጋ ግምት እንጂ ዋጋ አይደለም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሁለተኛው ምልልስ ነው። ለጎንደር ሰው ይህ ከዋጋው እኩል ይከብዳል። ሕክምናው አዲስ አበባ ከሆነ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ክር ለማስነቀል፣ ቁስል ለማሳየት፣ ለሁለተኛ ራጅ፣ ለተከላ፣ ለጥርሱ ልክ እየተባለ አምስት ስድስት ቀጠሮ በቀላሉ ይሞላል። አብሮ የሚሄደው ልጅ ሥራ የሚቀርበት ቀንም ይቆጠር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እዚሁ ከተማ ያሉትን ክሊኒኮች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን የጥርስ ክፍልም ይጠይቁ። ቢያንስ ክር ማስነቀሉና ቁስል ማሳየቱ እዚህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጤና ነው። ሲጋራ የአጥንት ሥራ ቀንደኛ ጠላት ነው። ወደ ቁስሉ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ የድዱን መጋጠም ያዘገያል። ጫትም በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ተይዞ ስለሚቆይ ክሩን ይነካካል፣ ብዙ ጊዜም ከሲጋራ ጋር ነው የሚመጣው። ስኳር ያለበት ሰው የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራ ውጤቱን ይዞ ይሂድ። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር እንደ አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ ያለ መድኃኒት የወሰደ፣ መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና ያደረገ ሰው ይህን ሳይናገር ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለበትም። አጥንቱ ሳይድን ሊቀር ይችላል። የድድ በሽታም ቀድሞ ይታከም።

አራተኛው ምንጭ ነው፤ የሚሞላው አጥንት ከምን ተሠራ? በዚህ ላይ ቆየት ብዬ እመለሳለሁ። የመጨረሻው ጠቅላላ ወጪ ነው። የአንዱን ደረጃ ዋጋ ሳይሆን ከመጀመሪያው ራጅ እስከሚታኘክበት ጥርስ ድረስ ያለውን ድምር ማለቴ ነው።

ጥርሱ ገና ካልተነቀለ

ይህን ለማንበብ የደረሱት ጥርስዎ ሳይነቀል ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ጥርሱ በወጣበት ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የአጥንት ዱቄት ተሞልቶ በስስ ሽፋን ሊዘጋ ይችላል። መሟሸሹን ጨርሶ አያስቀረውም፣ በደንብ ግን ይቀንሰዋል። ከአጥንት ሥራዎች ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው። ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና የለውም። ከ4 እስከ 6 ወር ቆይቶ ኢምፕላንቱ ይተከላል። ኢምፕላንት የማይፈልግ ሰው አያስፈልገውም። «ምናልባት ወደፊት» የሚል ግን ከመነቀሉ በፊት ይጠይቅ። እናቴ ያኔ ይህን ብትሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አንጽፍም ነበር።

የአጥንት ዱቄትና ሽፋን

አጥንቱ ሲሳሳ በብዛት የሚደረገው ይህ ነው። ድዱ ይከፈታል፣ ዱቄቱ በጎን በኩል ይከመራል፣ በላዩ ሽፋን ይደረጋል፣ ይሰፋል። የሽፋኑ ሥራ አጥር መሆን ነው። ድድ በፍጥነት ያድጋል፣ አጥንት በዝግታ። አጥር ከሌለ ድዱ ቀድሞ ገብቶ የአጥንቱን ቦታ ይይዝበታል።

ጉድለቱ ትንሽ ከሆነና ብሎኑ ባለው አጥንት መጽናት ከቻለ ኢምፕላንቱና ዱቄቱ በአንድ ቀን ይሠራሉ። እንደ እናቴ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲቀር ግን አጥንቱ ለብቻው ይሠራል። ከ6 እስከ 9 ወር ይጠበቃል። ከዚያ ነው ተከላው። ትልቁ ስጋት ድዱ ተከፍቶ ሽፋኑ መታየቱ ነው። ያኔ ተሐዋሲ ይገባል፣ ከተሞላው ብዙው ሊጠፋ ይችላል። ውፍረት ለመጨመር ጥሩ ነው። ብዙ ቁመት ለመጨመር ግን በጣም ከባድ ነው፤ «5 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ አሳድጋለሁ» በቀላሉ የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ይጨምሩ።

ዱቄቱ ከምን ነው?

አራት ምንጭ አለ። ከራስ አካል የተወሰደ፣ ከሞተ ሰው በልገሳ የተገኘ፣ ከእንስሳ፣ እና በፋብሪካ የተሠራ።

የራስ አጥንት ሕያው ሴል ስላለው እስካሁን የሚበልጠው የለም። ግን ሁለተኛ ቁስል ይፈጥራል፣ ከጊዜ በኋላም በከፊል ይመጠጣል። የለጋሽ ሰው አጥንት ተጣርቶና ደርቆ በጠርሙስ ይመጣል፤ በጊዜ ሂደት በራስ አጥንት ይተካል። የእንስሳው በብዛት ከከብት ነው። በሙቀትና በኬሚካል ታጥቦ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። ቀስ ብሎ ስለሚመጠጥ ቅርጹን ለዓመታት ይይዛል። ሰው ሠራሹ ሃይድሮክሲአፓታይት ወይም ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባል የካልሲየም ማዕድን፣ አለዚያም ከሁለቱ የተደባለቀ ነው። ከሰውም ከእንስሳም ስላልመጣ ለብዙ ሰው ሕሊና ይቀላል፤ ትራይካልሲየም ፎስፌት ብቻውን ሲሆን ግን ቶሎ ስለሚሟሟ መጠኑ ሊጎድል ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ክሊኒክ የማያነሣው ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ዱቄትና ኮላጅን ከሚባለው የእንስሳ ፕሮቲን ከሚሠራው ሽፋን ብዙው ከአሳማ የተሠራ ነው። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ የከብቱን ስትሰማ እንኳ «የማን ቢላ የነካው ከብት ነው?» ብላ ጠይቃለች። ሐኪሙ አልናቃትም። ማሸጊያውን አምጥቶ ከላዩ የተጻፈውን አነበበላት፣ ከከብት የተሠራ ሽፋንም እንዳለ ነገራት። እሷ ደግሞ የነፍስ አባቷን አማክራ ተመለሰች። መፈቀድ አለመፈቀዱን የሚወስኑት እርስዎና የሃይማኖት አባትዎ ናቸው። ምንጩን ማወቅ ግን መብትዎ ነው። የዱቄቱን ብቻ ሳይሆን የሽፋኑንም ይጠይቁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው መጠየቅ ያለበት፤ ከተሰፋ በኋላ ማወቅ የበለጠ ያሳምማል።

ሌላም «ፒአርኤፍ» የሚሉት አለ። ከራስ ክንድ ደም ተቀድቶ በማሽን ይሽከረከርና እንደ ርጎ የረጋው ይወሰዳል። ለድድ መዳን ይረዳል። ብቻውን ግን የጠፋ አጥንት አይተካም። «አጥንት ያበቅላል» ተብሎ ዋጋ ከተጨመረብዎት ምን ጋር እንደሚደባለቅ ይጠይቁ።

ከራስ የተቆረጠ አጥንት

ጉድለቱ ሲበዛ ከአገጭ ወይም ከመንጋጋው ኋላ ጥግ ቁራጭ አጥንት ተወስዶ በትንንሽ ብሎን ይታሰራል። ከ4 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። መላ መንጋጋው ከተሟሸሸ ከዳሌ አጥንት ይወሰዳል፤ ይህ ሙሉ ማደንዘዣና ሆስፒታል መተኛት ይጠይቃል። ከአገጭ ሲወሰድ የታች ፊት ጥርሶች መደንዘዝ ሊያጋጥም ይችላል። የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። አንድ ጥርስ ብቻ ለጎደለው ሰው ይህን ያህል መንገድ መሄድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ሳይነስ ማንሣት

ለላይኛው የኋላ ጥርስ ብቻ ነው። የሳይነሱ ስስ ሽፋን ወደ ላይ ይገፋና ከሥሩ ዱቄት ይሞላል። የቀረው አጥንት 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ በተከላው ቀዳዳ በኩል፣ በዚያው ቀን ይሠራል። ከዚያ ካነሰ ከጎን መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር መጠበቅ አለ። በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ሽፋኑ መቀደዱ ነው። ትንሽ ከሆነ ይጠገናል። ትልቅ ከሆነ ሥራው ተቋርጦ ሌላ ቀን ይቀጠራል።

ከዚህ ሥራ በኋላ ንፍጥ በኃይል መናፈጥ የለም። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ ነው። የአውሮፕላን የአየር ግፊትም ስላለ፣ አዲስ አበባ ተሠርተው ወደ ጎንደር በአውሮፕላን ሊመለሱ ያሰቡ ትኬቱን ከመቁረጣቸው በፊት መቼ መብረር እንደሚችሉ ሐኪሙን ይጠይቁ። ጉንፋን ወይም የሳይነስ ሕመም ላይ ያለ ሰው ሳይድን አይጀምር።

አጥንት ሳይሞላ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አይነገረውም። አጥንት ማሳደግ ግዴታ ያልሆነበት ብዙ ሁኔታ አለ።

ውፍረቱ በቂ ሆኖ ቁመቱ ብቻ ካነሰ 6 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ አጫጭር ኢምፕላንቶች አሉ። ለኋላ ጥርሶች ለዓመታት በተደረጉ ንጽጽሮች፣ አጥንት ተሞልቶ ከተተከሉት ረጃጅሞች ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል፤ ጣጣቸውም ያነሰ ነው። በእኔ አስተያየት ከታች በኋላ በኩል ቁመት ላነሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ጥርስ ጨርሶ ለሌለው ሰው በአንድ መንጋጋ አራት ኢምፕላንት ብቻ ተተክሎ፣ የኋላ ሁለቱ ጋደል ብለው ሳይነሱን ወይም ነርቩን ያልፉታል። በላዩ ሙሉ ረድፍ ጥርስ ይታሰራል። ጊዜያዊው ጥርስ በዚያው ቀን ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገባ ይችላል። የላይኛው አጥንት ጨርሶ ካለቀ ደግሞ በጉንጭ አጥንት ላይ የሚታሰር ረጅም ኢምፕላንት አለ፤ ይህ የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ለታችኛው መንጋጋ፣ አቅም ለሚያሳስባቸው አረጋውያን፣ አንድ ነገር በጣም እመክራለሁ። ከፊት ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ይተከላል። ተነቃዩ ጥርስ በእነሱ ላይ እንደ ቁልፍ ይገጥማል። ከፊት ያለው አጥንት ከኋላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይተርፋልና መሙላት እምብዛም አያስፈልግም። በ2002 እ.ኤ.አ. ካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ ለሌለው የታች መንጋጋ መነሻው ምርጫ ይህ ይሁን ብለው ተስማምተዋል።

ብሪጅና ተራ ተነቃይ ጥርስም አሉ። ብሪጅ በጎንና ጎን ጥርሶች ላይ ተደግፎ ባዶውን ቦታ የሚሸፍን ቋሚ ጥርስ ነው፤ የጎን ጥርሶቹ ይሞረዱለታል። ጎረቤቶቹ ድሮም የተሞሉ ወይም የተሰበሩ ከሆኑ ጥሩ ነው፣ ጤነኛ ከሆኑ ያሳዝናል። ከሥሩ ያለው አጥንት መሟሸሹን ይቀጥላል። ተነቃዩ ርካሽ ነው፤ አጥንቱ ሲወርድ እየላላ ስለሚሄድ በየጥቂት ዓመቱ ሥሩ መስተካከል አለበት።

በአንድ እይታ

ጊዜው እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ ያለው ግምት ነው።

| አማራጭ | ለማን | ጊዜ | ወጪ | ዋና ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ሲነቀል ጉድጓዱን መሙላት | ጥርሱ ገና ላልተነቀለ | ከ7 እስከ 10 ወር | ዝቅተኛ ጭማሪ | ትንሽ መሟሸሽ ይቀራል |
| ዱቄትና ሽፋን ከተከላ ጋር | ውፍረት በጥቂቱ ላነሰው | ከ4 እስከ 6 ወር | መካከለኛ | ድድ መከፈት |
| ዱቄትና ሽፋን ለብቻው | ውፍረት በጣም ላነሰው | ከ9 እስከ 13 ወር | ከፍተኛ | ድድ መከፈት፣ ምልልስ |
| ከራስ የተቆረጠ አጥንት | ጉድለቱ ለበዛ | ከ8 እስከ 10 ወር | ከፍተኛ | ሁለተኛ ቁስል፣ መደንዘዝ |
| ሳይነስ ማንሣት በመስኮት | ከላይ ኋላ ቁመት ላነሰው | ከ9 እስከ 14 ወር | ከፍተኛ | የሽፋን መቀደድ |
| አጭር ኢምፕላንት | ውፍረት ኖሮት ቁመት ላነሰው | ከ3 እስከ 4 ወር | መካከለኛ | ከወደቀ የሚቀረው አጥንት ትንሽ ነው |
| አራት ኢምፕላንት ለሙሉ መንጋጋ | ጥርስ ጨርሶ ለሌለው | ከ4 እስከ 6 ወር | በጣም ከፍተኛ | አንዱ ከወደቀ ሁሉን ይነካል |
| ሁለት ኢምፕላንትና ተነቃይ | ከታች ጥርስ ለሌለው | ከ3 እስከ 4 ወር | መካከለኛ | መያዣው በየጊዜው ይለወጣል |
| ብሪጅ | የጎን ጥርስ ላለው | ሳምንታት | መካከለኛ | ጤነኛ ጥርስ መሞረድ |
| ተነቃይ ጥርስ | አቅም ወይም ጤና ለማይፈቅድለት | ሳምንታት | ዝቅተኛ | መላላት፣ አጥንት መውረድ |

ለማን የቱ?

የፊት ጥርስ የጎደላት ወጣት ስትስቅ የድዷ ቅርጽ ስለሚታይ አጥንት መሙላቱ ያዋጣታል። ለጥር ሠርግ ብላ በኅዳር ብትመጣ ግን አይደርስም። እስከዚያ ጊዜያዊ ጥርስ ታድርግ እንጂ ሐኪሙን አታጣድፍ። ሲጋራ ማቆም ያልቻለ ሰው ወደ ትልቅ የአጥንት ሥራ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ብሪጅ ወይም አጭር ኢምፕላንት ይጠይቅ። መመላለስ የማይችል፣ ከወረዳ የሚመጣ ሰው በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያልቀውን ያስቀድም። ስኳሩ ያልተስተካከለ መጀመሪያ ስኳሩን ያስተካክል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃው ደግሞ ለሲቢሲቲው ይክፈል፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ተነቃይ ጥርስ መምረጥም ይችላል።

ዋጋ ሲጠይቁ በወረቀት ይቀበሉ። ራጁ፣ ዱቄቱ፣ ሽፋኑ፣ ብሎኑ፣ በላዩ የሚገባው ጥርስ፣ ክትትሉ ተለያይተው ይጻፉ። አጥንቱ ባይዝ ማን ይከፍላል? ይህም ይጻፍ። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዛሬ ዓመት የሰሙት ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። የተተከለውን ብሎን ስምና መጠን የያዘ ካርድም ይዘው ይውጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ቢነካው ይህን ይፈልጋል።

እናቴ ዱቄትና ሽፋኑን መረጠች፤ ሁለቱም ከከብት የተሠሩ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ በኅዳር መጀመሪያ ተሠራላት፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወተት፣ ለብ ያለ አጥሚትና ሾርባ እንድትጠጣ ብለን። ጉንጯ ሦስት ቀን አብጦ ቀነሰ። ክሩ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። ድዱ አልተከፈተም። አሁንም በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው። ሁለተኛው ሲቢሲቲ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሁለት ብሎን ይገባሉ፣ ካልደረሰ ደግሞ ሐኪሙ አስቀድሞ የነገረንን እናደርጋለን፦ ተነቃይ ጥርስ ይሠራላታል።